የአሮጌ ሽጉጥ ታሪክ ከብረቱ ላይ እንዴት ይነበባል?

ለብዙ ዓመታት በወታደር ወገብ ላይ የቆየ ሽጉጥ ሳይጠገንና ባለቤት ሳይለውጥ የሚዘልቀው ከስንት አንድ ነው። በገበያ ላይ ግን ሁሉም «ከፋብሪካ እንደ ወጣ» እየተባለ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የጀርመኑን ሉገር ፒ 08 በምሳሌነት ወስደን፣ ቀዳሚው ሥራ በኋላ ከተጨመረው እንዴት እንደሚለይ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጀርመን ጦር ይህን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የተቀበለው በ1908 ነው። የተሠራበት ዓመት ብዙውን ጊዜ ከጥይት ቤቱ አናት ላይ ተመትቶ ይገኛል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ሁለት ዓመታት፣ ለምሳሌ 1917 እና 1920፣ አብረው ይታያሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጀርመንን ጦር ወደ 100,000 ሰው አወረደው፤ በየሰዉ እጅ የቀረው መሣሪያም እንዲሰበሰብ ታዘዘ። በዚህ ጊዜ የመንግሥት ንብረት የሆነው እንዲለይ 1920 የሚል ምልክት ተመታበት። ሁለተኛው ቁጥር እንግዲህ የባለቤትነት እንጂ የልደት ምልክት አይደለም።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በፖሊስ እጅ በነበሩት ብዙ ሽጉጦች ግራ ጎን ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ ተጨመረ። ሉገር ጥይት ከጎረሰ፣ የላይኛው ክፍሉ ከመያዣው ተነቅሎም ቢሆን ሊተኩስ ይችላል፤ ዘንጉ ይህን አደጋ ይከላከላል። (ማንኛውም ምርመራ የጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን በማረጋገጥ የሚጀመረውም ለዚህ ነው።) ዘንጉ ኋላ ተነቅሎ ከሆነ የተደፈነ ቀዳዳ ይቀራል።

በትንንሽ ክፍሎች ላይ የሽጉጡ መለያ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ይመታሉ። አኃዞቹ ካልተስማሙ ክፍሉ ተለውጧል ማለት ነው። ቢስማሙም ግን ጉዳዩ አያልቅም፤ የጦሩ ጥገና ክፍል አዲሱን አካል በሽጉጡ ቁጥር መልሶ ሊመታው ይችላልና።

በእኛ አስተያየት ከቁጥር ይልቅ ቀለም የተሻለ ምስክር ነው። እስከ 1937 ድረስ ምላጩና ጥቂት ትንንሽ ክፍሎች ገለባማ ቢጫ ነበሩ። ይህ ቀለም ቅብ አይደለም፤ ብረቱ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ በላዩ የሚፈጠረው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ብርሃንን በማጠላለፍ የሚያሳየው ነው። ሙቀቱ ወደ 300 ሲጠጋ ሽፋኑ ይወፍርና ሰማያዊ ይሆናል። ከ1937 በኋላ ግን ክፍሎቹ ሁሉ በጨው መፍትሔ ውስጥ ይጠቁሩ ጀመር። ስለዚህ የ1917 ሽጉጥ ምላጩ ጥቁር ከሆነ፣ በኋላ ተለውጧል ወይም እንደገና ጠቁሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የምልክቶቹ ጠርዝም ይመሰክራል። ማኅተም ብረትን ሲመታ ዙሪያውን ከፍ ያደርጋል፤ ጠርዙ ተስተካክሎ ከተገኘ ሽጉጡ ተወልውሏል።

የተፋቀ ቁጥርም ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ አይጠፋም። ምቱ ከቁጥሩ ሥር ያለውን የብረት ክሪስታል ስለሚያዛባ፣ የተዛባው ክፍል ለአሲድ የሚሰጠው ምላሽ ከአካባቢው ይለያል፤ አኃዙም ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ አሲዱ የኦክሳይዱን ሽፋን ያጠፋል፤ ስለዚህ ከቀለሙ የሚነበበው ሁሉ ተነብቦና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሳያልቅ ወደ እርሱ አይኬድም።