ቡድኑ ስምህን አያውቅም ያለችው ሚስት

«ይድረስ ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት፣ አሁንም በልብስ ስፌት የምተዳደረው በሆሳዕና ከተማ ነው። ባለቤቴ የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ሁለት ልጆች አሉን። የሀዲያ ሆሳዕና እግር ኳስ ቡድን ደጋፊ ነኝ። ጨዋታው ወደ ሌሎች ከተሞች ከተወሰደ ወዲህ ቡድኑን ተከትዬ ሐዋሳ ተመላልሻለሁ፤ በኋላም ለልጆቹ ትምህርት ቤት ብለን ስንጥለው ከቆየነው እቁብ በደረሰን ገንዘብ ድሬዳዋ ድረስ ሄድሁ። እርሷን ግን ጨርቅ ልገዛ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብያት ነበር። ቡድኑም ተሸነፈ። ነገሩ ሲታወቅ ‹ቡድኑ ስምህን እንኳ አያውቀውም› አለችኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንነጋገርም። አልፎ አልፎ በውርርድ ቤትም ጥቂት አስይዛለሁ። ደጋፊነቴን ልተወው ወይስ እርሷ ትረዳኝ? ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ በ2012 ዓ.ም. እንዲያውም አንድ ቀን ስታዲየም ውሰደኝ ብላኝ ነበር።»

ወንድሜ ሆይ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የውርርዱን ነገር በአንድ መስመር አልፈኸዋልና እኔም በአንድ መስመር እመልስልሃለሁ፤ ዛሬውኑ ተወው።

ስለ ቡድኑ ግን በረጅሙ ልነግርህ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ከራሱ ቤትና ከራሱ ጥቅም ውጭ ያለውን ነገር አጥብቆ ሲወድ እንደ እብድ ከሚቆጥሩት ወገን አይደለሁም፤ ነብሮቹ የሚባለውን ቡድንህን የወደደ ሰውም ያሳለፈውን መከራ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ቡድንህ በ2008 የውድድር ዘመን በፕሪምየር ሊጉ ታይቶ በዚያው ዓመት ከዳሽን ቢራ ጋር ወረደ፤ ካምባታ ሺንሺቾን የመሰሉ የጎረቤት ቡድኖችም በሚታገሉበት በከፍተኛ ሊጉ ቆይቶ በ2011 ከወልቂጤ ከተማና ከሰበታ ከተማ ጋር ተመልሶ ወጣ፤ እሰይ መጣልን ተብሎ ገና በወጉ ሳይጠገብ በ2012 መጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ ጨዋታውን ሁሉ አቋረጠ፤ በሚያዝያ ማብቂያም ያ የውድድር ዘመን ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ ተሠረዘ። የዘራውን ሳያጭድ፣ መክሰሩንም ሆነ ማትረፉን ሳያውቅ አውድማው የተዘጋበት ገበሬ የሚሰማውን ሐዘን የዚያን ዓመት ደጋፊ ሁሉ ቀምሶታል።

ከዚያም የባሰው መጣ። በ2013 ውድድሩ ሲቀጥል ለወረርሽኙ ጥንቃቄና ለቴሌቪዥን ሥርጭቱ አመቺነት ሲባል 13ቱ ቡድኖች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ እየተሰባሰቡ እንዲጫወቱ ተደርጎ፣ ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ከተሞቹ እየተለዋወጡ ያው ሥርዓት ቀጠለ። ስለዚህ የሆሳዕና ሰው ከቤቱ በእግሩ ወጥቶ፣ በመንገዱ ወዳጁን ጠርቶ፣ ከአባቱ ጎን ቆሞ ያየው የነበረውን ቡድን፣ በዲኤስቲቪ ቤት የሻይ ሒሳብ ከፍሎ በጨለማ ክፍል የሚያየው ሆነ። አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ከዚያው ከተማ ውስጥ አለ፤ ቡድኑም የከተማውን ስም ተሸክሞ አለ፤ ሁለቱ ግን ተለያዩ። ይህ ለሊጉ ገንዘብ አስገኝቶ ይሆናል፤ ለደጋፊው ግን ግፍ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

በባሕር ማዶም እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰባቸው አሉ። በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ብሩክሊን ዶጀርስ የተባለው ቡድን ለብዙ ዘመን እስከ ፍጻሜው እየደረሰ ሲሸነፍ ኖሮ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 የናፈቀውን ድል አገኘ፤ በ1957 ማብቂያ ላይ ግን ባለቤቱ ሰፈሩን ትቶ ቡድኑን ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰደው። ሜዳው በ1960 ፈረሰ፤ ቡድኑም አልተመለሰም። የአንተ ግን ሜዳው ቆሞአል፤ ቡድኑም ተሰደደ እንጂ አልተሸጠም። እንግዲህ ተከትለኸው መሄድህን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው የሄድህበትን መንገድ ነው።

ከተማህ የተጠራበትን በዓል አስብ። በዕለተ ሆሳዕና ዘንባባ ይዘው፣ ልብሳቸውን በመንገድ አንጥፈው የዘመሩት ሕዝብ፣ ሳምንቱ ሳይፈጸም በዕለተ ዓርብ ይሰቀል ብለው ከጮኹት ጋር እንደ ተቀላቀሉ መምህራን ያስተምራሉ። በየሜዳው ይህንኑ አይተናል፤ በመጀመሪያው አርባ አምስት ደቂቃ ያወደስነውን በረኛ በሁለተኛው እናቱን ጠርተን እንሰድባለን። አንተ ቡድንህን በመውረዱም በመሰደዱም ጊዜ አልካድኸውም፤ እስከ ዕለተ ዓርብ የጸናህ ነህና በዚህ አከብርሃለሁ። ነገር ግን ያን ጽናት የከፈልህበት ገንዘብ የአንተ አልነበረም። መሥዋዕት የሚባለው ሰው ከራሱ ቆርሶ የሚሰጠው ነው፤ ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ተወስዶ፣ ያውም በሐሰት ተሸፍኖ የተሰጠው ግን ሌላ ስም አለው፤ ስሙንም አንተ ታውቀዋለህ፤ ባታውቀው ኖሮ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብለህ ባልዋሸህ ነበር።

ባለቤትህ ቡድኑ ስምህን አያውቀውም ማለቷ እውነት ነው። ቢሆንም ፍቅር ሁሉ መታወቅን አይሻም፤ ሆሳዕና ከመባሏ በፊት ዋቸሞ ትባል የነበረችውን ከተማህን ያቀኑ አባቶችም የእኔንና የአንተን ስም ሳያውቁ ደክመውልናል። እርሷም ይህን የምትስተው አይመስለኝም። ቃሏን ደጋግሜ ስመረምረው የሰማሁት የቡድኑን ጥላቻ ሳይሆን፣ ስምህን የማውቀው እኔ እያለሁ ስለ ምን ዋሸኸኝ የሚል ኀዘን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጥና ሁሉን ንገራት፤ የገንዘቡን ልክ ብቻ ሳይሆን ሐሰቱንም፣ ውርርዱንም። እርሷ ሳትጠይቅህ አንተው ቀድመህ ተናገር፤ ተጠይቆ የሚወጣ እውነት ንስሐ አይሆንምና። ቀጥሎም ከስፌቱ ገቢ በየሳምንቱ ቆርጠህ የእቁቡን ገንዘብ በእርሷ እጅ መልስ፤ እስኪሞላ ድረስ ከከተማ ውጭ ለጨዋታ አትሂድ፤ ከሞላም በኋላ እርሷ ሳታውቅ አትሂድ። ጨዋታውን በከተማው ተመልከት፤ ከተቻለህም ከአባትህ ወይም ከጎረቤትህ ጋር እንጂ ብቻህን አትመልከት፤ የደጋፊነት ልማድህ የከፋው ብቻህን መሄድ ከጀመርህበት ጊዜ ወዲህ ይመስለኛልና። ደጋፊነትህን ግን እንድትተው አልመክርህም። የተወው ሰው በቤቱ ውስጥ ሌላ ዝምታ ይዞ ይቀመጣል፤ ያም ዝምታ ለሚስትህ አይጠቅማትም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። በደብዳቤህ ማብቂያ ላይ፣ እንደ ትርፍ ነገር ባለፍሃት መስመር፣ በ2012 አንድ ቀን ስታዲየም ውሰደኝ ብላህ እንደ ነበር ጽፈሃል። የዚያን ዓመት መጋቢት ውድድሩ እንደ ተቋረጠ፣ ከዚያም ነብሮቹ ከከተማው እንደ ራቁ አንተው ታውቃለህ፤ ምናልባትም በሆሳዕና ሜዳ አብራችሁ ልትቆሙ የምትችሉባቸው የመጨረሻዎቹ ሳምንቶች እነዚያ ነበሩ። በአቢዮ ኤርሳሞ የዞኑ ወጣቶችም ቢሆኑ በሚጫወቱበት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱን ልጆች ይዘህ፣ እርሷንም ከጎንህ አስቀምጠህ ተመልከት፤ ከዚያ በፊት ግን ለእኔ ያልጻፍኸውን ለራስህ መልስ። ውሰደኝ ባለችህ ቀን ምን ብለህ መለስህላት?