ከእጅ ወደ ጉባኤ፦ የስልክንና የኮምፒዩተርን ገጽ ያለ ገመድ በቴሌቪዥን ስለ ማሳየት

መግቢያ

የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ የዓመቱን ገቢና ወጪ ከወረቀት ሲያነብ፣ በአዳራሹ የኋላ ወንበር የተቀመጡት ምእመናን ቁጥሩን ይሰማሉ እንጂ አያዩትም። ሦስተኛው ቁጥር ሲነበብ የመጀመሪያው ከልብ ይጠፋል። በመጨረሻም ጉባኤው ሪፖርቱን የሚያጸድቀው ሂሳቡን ተከታትሎ ሳይሆን አንባቢውን አምኖ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ሰበካ ጉባኤን ሲያቋቁም፣ ካህናትና ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ማድረጉ ይታወቃል። በጋራ ለማስተዳደር ደግሞ በጋራ ማየት ያስፈልጋል።

ዛሬ በብዙ አጥቢያዎች የሂሳቡ ሰንጠረዥ በላፕቶፕ፣ የደረሰኙ ፎቶግራፍ በስልክ ይገኛል። በአዳራሹም ቴሌቪዥን አለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው፣ የስልክን ወይም የኮምፒዩተርን ገጽ ያለ ገመድ በቴሌቪዥን የማሳየት ዘዴ ነው። በዚህ ትምህርት ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ በተለይም ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከቡሌ ሆራና ከደቡቡ ቆላ ከተሞች ኑሮ ነው።

1. ሁለት የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን የማይተካኩ መንገዶች

አስቀድመን ልንለያቸው የሚገቡ ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ማንጸባረቅ ነው። ስልኩ በገጹ ላይ የሚታየውን ሁሉ በየቅጽበቱ እየቀዳ በዋይፋይ ሞገድ ለቴሌቪዥኑ ይልካል። በስልኩ የሚታየው ሁሉ በቴሌቪዥኑም ይታያል። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ሚራካስት የተባለው ስምምነት በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ሚራካስት ስልኩንና ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ያገናኛል። በመካከላቸው የዋይፋይ ሣጥን አያስፈልግም፤ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ማስተላለፍ፣ በተለምዶ «ካስት ማድረግ» የሚባለው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የጉግል ክሮምካስት በዚህ መንገድ ይታወቃል። እዚህ ላይ ስልኩ ምስሉን አይልክም። የቪዲዮውን አድራሻ ብቻ ለቴሌቪዥኑ ይነግረዋል፤ ቴሌቪዥኑም ቪዲዮውን ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል። ስልኩ እንደ ሪሞት ብቻ ያገለግላል።

ልዩነቱ ለአጥቢያዎቻችን ትልቅ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና የዳታ ፓኬጅ ከኪስ በሚከፈልበት ከተማ ሁለተኛው መንገድ በሥልጠናው መካከል ሊቆም ይችላል። የመጀመሪያው ግን አስቀድሞ ወደ ስልኩ የወረደውን ቪዲዮ አንድም ሜጋባይት ሳይጠቀም ያሳያል። ስለዚህ በቆላው ለሚገኝ ሰበካ ጉባኤ የምንመክረው ማንጸባረቅን ነው።

2. ምን ምን ያስፈልጋል?

ሀ) ቴሌቪዥን። ስማርት ቴሌቪዥን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዘዴው አብሮት ይመጣል። በምርጫዎቹ ውስጥ «ስክሪን ሚረሪንግ»፣ «ስክሪን ሼር» ወይም «ሚራካስት» የሚል ጽሑፍ ይፈለግ። ስማርት ያልሆነ ነገር ግን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከሆነ፣ በቀዳዳው የሚሰካ እንደ «ኤኒካስት» ያለ ትንሽ መቀበያ ይገዛለታል። መቀበያው ኃይል የሚያገኘው በዩኤስቢ ገመድ መሆኑን እንዳንዘነጋ፤ ገመዱ ካልተሰካ ቴሌቪዥኑ ባዶ ገጽ ብቻ ያሳያል።

ለ) ስልክ ወይም ላፕቶፕ። ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ሚራካስትን ይቀበላሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ጉግል ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከራሱ ስልኮች አውጥቶታል። የአፕል አይፎን ሚራካስትን አያውቅም፤ የሚጠቀመው የራሱን ኤርፕሌይ ነው። ስለዚህ መቀበያ ከመግዛታችን በፊት በሥራው ላይ የሚውለውን ስልክ ይዘን ወደ ሱቁ እንሂድ፤ ሻጩም በዚያው ስልክ ሠርቶ እንዲያሳየን እንጠይቅ። ዕቃ ገዢው አንድ፣ ስልኩ የሌላ ሰው የሆነ እንደሆነ ገንዘቡ በከንቱ ሊወጣ ይችላል።

ሐ) የኤችዲኤምአይ ገመድ። ያለ ገመድ መሥራት ቢቻልም ገመድን አንናቅ። ሞገዱ ሲያስቸግር ላፕቶፑን በገመድ ማገናኘት ጉባኤውን ከመበተን ያድናል።

መ) ኃይል። 43 ኢንች የሆነ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን የሚወስደው ኃይል በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ዋት ይደርሳል፤ ትክክለኛው መጠን በጀርባው ተጽፏል። 80 ዋት ነው ብንል፣ የሁለት ሰዓት ሥልጠና 160 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሶላር ባትሪ ያለው አጥቢያ፣ የባትሪውን ግማሽ ብቻ ቢጠቀም እንኳ በኢንቨርተር ስድስት ሰዓት ያህል ሊያሳይ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ጄኔሬተር ለማስነሣት ከመሯሯጥ በፊት ይህን ማስላት ይጠቅማል።

3. አሠራሩ በቅደም ተከተል

በአንድሮይድ ስልክ፦ በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ከፍተን በሪሞቱ የማንጸባረቂያውን ገጽ እንመርጣለን። ቀጥሎም የስልኩን ዋይፋይ እንከፍታለን። የስልኩን ገጽ ከላይ ወደ ታች ስንስብ ከሚወጡት ምልክቶች መካከል «ስማርት ቪው»፣ «ካስት» ወይም «ስክሪን ካስት» የሚለውን እንነካለን፤ ስሙ እንደ ስልኩ ሠሪ ይለያያል። የቴሌቪዥኑ ስም ሲወጣ እንመርጠዋለን። ቴሌቪዥኑ ፈቃድ ከጠየቀ በሪሞቱ እንፈቅዳለን። በመጨረሻም ስልኩን አግድም እናዞራለን።

በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላፕቶፕ፦ የዊንዶውስን ምልክት የያዘውን ቁልፍና የኬን ቁልፍ በአንድነት ስንጫን የመቀበያዎች ዝርዝር ይወጣል፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን እንመርጣለን። ቀጥሎ የዊንዶውስንና የፒን ቁልፎች ስንጫን ሁለት ጠቃሚ ምርጫዎች እናገኛለን። አንደኛው በላፕቶፑ ያለውን ሁሉ በቴሌቪዥኑ ይደግማል። ሁለተኛው ቴሌቪዥኑን የተለየ ሰሌዳ ያደርገዋል፤ ጸሐፊው የግል ማስታወሻውን በላፕቶፑ እያየ ለጉባኤው ሰንጠረዡን ብቻ ማሳየት ይችላል።

በአይፎን፦ ከመቆጣጠሪያው ገጽ ሁለት የተደራረቡ አራት ማዕዘኖች ያሉበትን ምልክት እንነካለን፤ ቴሌቪዥኑ ወይም መቀበያው ግን ኤርፕሌይን የሚቀበል መሆን አለበት።

ግንኙነቱ እንቢ ሲል አስቀድመን ሁለቱንም ዕቃዎች አጥፍተን እናብራ፤ ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ እናቅርብ፤ የባትሪ ቆጣቢውን እንዝጋ። የጭቃም ሆነ የብሎኬት ግድግዳ ሞገዱን ያደክማል፤ ስለዚህ ስልኩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ክፍል ውስጥ ይሁኑ። ምስሉ ከስልኩ ጥቂት ዘግይቶ መድረሱ ግን ብልሽት አይደለም፤ የአሠራሩ ጠባይ ነው።

4. ከፕላዝማው ምን እንማራለን?

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋውን የፕላዝማ ትምህርት ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፍ ስለ ነበር መምህሩ ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው አይችልም ነበር። ተማሪው ሳይገባው ያልፋል፤ መብራት ከጠፋም ያመለጠው አመለጠ። በማንጸባረቅ ግን ቪዲዮው በአሠልጣኙ እጅ ነው። በየሦስት ደቂቃው አቁሞ መጠየቅ፣ በሰሚው ቋንቋ ማብራራት፣ ደግሞም ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ይህ በአካባቢያችን ቀላል ነገር አይደለም። ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል በነበረችው በቡሌ ሆራ ገበያ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ጌዴኦኛና ቡርጂኛ ይሰማል። አንድ ቪዲዮ በአንድ ቋንቋ ቢዘጋጅ እንኳ ድምፁን ዘግቶ፣ ምስሉን እያሳዩ በሌላው ቋንቋ ማስተማር ይቻላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ቀርተው በቦረና ቆላ እጅግ ብዙ ከብት ማለቁን ሁላችንም እናውቃለን። ድርቆሽ እንዴት እንደሚከማች፣ የኩሬ ውኃ እንዴት እንደሚታከም፣ የከሳ ከብት ከመውደቁ በፊት መቼ እንደሚሸጥ በቃል ከመንገር ይልቅ ማሳየት ይበልጣል። አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል ያስሣሉት ፊደል ያልቆጠረው ምእመን በዓይኑ እንዲማር ጭምር ነበር። ሆኖም ቴሌቪዥኑ የአዳራሽ ዕቃ እንጂ የመቅደስ ዕቃ አለመሆኑ የታወቀ ነው።

የገጹን መጠንም እናስብ። ጽሑፍ ወይም ቁጥር የሚያነብ ሰው ከቴሌቪዥኑ መራቅ ያለበት ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ ባልበለጠ ርቀት ነው። 43 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 53 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የመጨረሻው ወንበር ከሦስት ሜትር ጥቂት በሚያልፍ ርቀት ላይ መሆን አለበት። ጉባኤው ከዚህ ከሰፋ በአንድ ገጽ ከአምስትና ከስድስት መስመር በላይ አናሳይ፤ ወይም በስልኩ ላይ በሁለት ጣት አጉልተን አንድ በአንድ እናሳይ።

5. ዋናው ጥንቃቄ፦ የሚታየው ሁሉ ይታያል

ከላይ ማንጸባረቅ በስልኩ ያለውን ሁሉ ያሳያል ብለናል። ጥቅሙም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል።

የካህን ስልክ እንደማንኛውም ሰው ስልክ አይደለም። የንስሐ ልጆች የላኩት መልእክት፣ የታመመ ሰው ጥሪ፣ በቤተሰብ ጠብ መካከል የተጻፈ ምስጢር በውስጡ ይገኛል። በሥልጠናው መካከል አንድ የቴሌግራም መልእክት ቢገባ፣ የላኪው ስምና የመጀመሪያው መስመር በአዳራሹ ሁሉ ፊት ሊነበብ ይችላል። የጸሐፊው ስልክም የባንክ መልእክትና የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር ይይዛል። በድርቁ ዘመን እህል የተቀበለች እናት ስሟ በጎረቤቶቿ ፊት ቢነበብ፣ እርዳታው ያጎረሳትን ያህል ያሳፍራታል። አንድ ጊዜ የታየ ነገር ደግሞ ተመልሶ አይሸፈንም።

ስለዚህ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች እንደ ደንብ እንያዝ።

አንደኛ፣ ከማገናኘታችን በፊት ስልኩን በአውሮፕላን ምልክት ወደሚታወቀው ሁኔታ እናስገባ፤ ቀጥሎ ዋይፋዩን ብቻ መልሰን እንክፈት። ኢንተርኔት ካለው የዋይፋይ ሣጥን ጋር ግን አናገናኘው። በዚህ ሁኔታ ጥሪም መልእክትም አይገባም፤ ሚራካስት ግን ይሠራል።

ሁለተኛ፣ በተቻለ መጠን የካህንን ስልክ አንጠቀም። የጽሕፈት ቤቱ ላፕቶፕ ወይም ለዚህ ብቻ የተለየ ስልክ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የቴሌቪዥኑን ስም በአጥቢያው ስም እንለውጥ። ሱቅ፣ ሆቴልና መኖሪያ ቤት በተጠጋጉበት ከተማ የጎረቤቱ ቴሌቪዥንም በዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። በችኮላ የተነካ ስም የአጥቢያውን ሰንጠረዥ በማናውቀው ቤት ሊከፍተው ይችላል።

አራተኛ፣ ቴሌቪዥኑ ለእያንዳንዱ አዲስ ስልክ ፈቃድ ወይም የምስጢር ቁጥር እንዲጠይቅ እናድርግ። አለዚያ ማንኛውም መንገደኛ በጉባኤው መካከል የራሱን ምስል ሊልክ ይችላል።

አምስተኛ፣ ለጉባኤ የሚቀርበው ፋይል ለብቻው ይዘጋጅ። በውስጡ ድምር፣ ደረሰኝና የሥራው ፎቶግራፍ ይኑር፤ የተረጂዎች ስም ግን አይኑር። ስም ያለበት ዝርዝር ለሚመለከተው ኮሚቴና ለኦዲተር ብቻ ይቅረብ።

ማጠቃለያ

የአጥቢያው ገንዘብ የሁሉ ነውና ለሁሉ ይታይ። የተረጂው ችግር ግን የእርሱ ነውና ይሸፈን። መሣሪያው ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ያገኘውን ሁሉ ያወጣል። መለየቱ የሰበካ ጉባኤው ሥራ ነው። ስለዚህ በቀጣዩ ስብሰባችሁ ቴሌቪዥኑ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ በባዶ አዳራሽ ሞክሩት። አንዱ በፊት፣ ሌላው በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ የሚነበበውንና መነበብ የማይገባውን ይመልከት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ያለው ቴሌቪዥን ከማን ስልክ ወይም ላፕቶፕ ጋር ይሠራል? ተሞክሯልን?

2. ባለፈው ዓመት በቃል ካቀረብነው ሪፖርት ውስጥ ምእመናን በዓይናቸው ሊያዩት የሚገባው የትኛው ነበር?

3. በጽሕፈት ቤታችን ስልክና ኮምፒዩተር ውስጥ በምንም ሁኔታ በአዳራሽ መታየት የሌለበት ምንድን ነው? ጠባቂውስ ማን ነው?

4. መብራት ቢጠፋ ወይም ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሥልጠናውን በምን እንቀጥላለን?