ልጁን ሲያስቀምጠው መጠጥ ይከልከል?

ልጇን ተቅማጥ የያዘባት እናት የምታየው አንድ ነገር ነው፤ ያጠጣችው ሁሉ ወዲያው ይወጣል። ስለዚህ «ባጠጣሁት ቁጥር ባሰበት፤ እስቲ አንጀቱ ይረፍ» ትልና ጡቱንም ውሃውንም ትቀንሳለች። እኛ ዕጩ መምህራን ይህን ሰምተን መሳቅ የለብንም። ሐሳቧ ስሕተት ቢሆንም በዓይኗ ካየችው የመነጨ ነው።

ሕፃኑን በአብዛኛው የሚገድለው ከተቅማጡ ጋር የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። አንጀት ታሞም ቢሆን ስኳርና ጨው በልክ አብረው ከገቡ ውሃውን ይዘው ወደ ደም ያልፋሉ። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። ይህንን ለእናቲቱ አስቀድመን ካልነገርናት «አልሠራም» ብላ በማግሥቱ ትተወዋለች።

በብዙ ቦታ «ጥርስ እያወጣ ነው» ይባላል፤ አልፎም የሕፃኑን ድድ በስቶ የወተት ጥርስ ማስወጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ አለ። ጥርስ የሚበቅልበት ዕድሜ ልጁ የሚድህበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ጊዜ ስለሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ እንጂ ጥርስ አያስቀምጥም። መበሳቱ ግን ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ ልጁ እንዳይጠባም ያደርገዋል።

አስቸጋሪው ልኩ ነው። አንዱ ፓኬት እንዳለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በሻይ ወይም በወተት አይሆንም። የሃይላንድ ፕላስቲክ ግማሽ ሊትሩም 2 ሊትሩም ስላለ የተጻፈውን ማየት ያሻል፤ ይህንን ተማሪ ልጇ ሊያነብላት ይችላል። ፓኬት ከታጣ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ቀምሳው ከእንባ ይልቅ ጨው ጨው ካለ ይደፋ። 24 ሰዓት ያለፈውም እንዲሁ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡትም ምግብም አይቋረጥም። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ በ3 ቀን ቢቆም እንኳ 10 ቀን ይሞላል።

ስለ ማስተማሩ ከባንግላዴሽ አንድ ነገር እንጥቀስ። ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) ሴት አስተማሪዎችን ቤት ለቤት ልኮ ከ12 ሚሊዮን ለሚበልጡ ቤተሰቦች ብጥብጡን አስተማረ። ጨው በሦስት ጣት ቁንጥር፣ ከሸንኮራ የተሠራ ስኳር በእፍኝ ይለካ ነበር፤ የምትበጠብጠውም እናቲቱ ራሷ ናት። የአስተማሪዋ ክፍያ የሚታሰበው ደግሞ ሌላ ሰው ኋላ ሄዶ ሲጠይቅ እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ነበር። (የኛ ደመወዝ እንዲህ ቢታሰብ ስንቶቻችን ሙሉውን እንወስድ ይሆን?) እኛም በየቀበሌው ስንመደብ ብጥብጡን ሠርተን ማሳየት አይበቃም፤ በራሷ ማንኪያ፣ በራሷ ዕቃ ስትሠራው ማየት አለብን።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ደም ካስቀመጠው፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው የቤቱ ነገር አብቅቷል፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። መዋጥ የሚችል ከሆነ በመንገድም ላይ ብጥብጡ በማንኪያ ይሰጠዋል።