ከቁይ ሆኖ ለጃዝ ጊታር ርካሽ ፒክአፕ መምረጥ

ጎጃም ውስጥ ቁይ ሆነህ የጊታር ፒክአፕ ስታዝ ዕቃው የሚደርስህ በአዲስ አበባ በኩል ወይም ውጭ ባለ ዘመድ ሻንጣ ነው። አልሆነኝም ብለህ የምትመልስበት ሱቅ የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመግዛትህ በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ ክሩን እይ። ክፍለ ሀገር በቀላሉ የምታገኘው ክር ለአኩስቲክ ጊታር የተሠራ፣ በነሐስ የተጠመጠመ ነው። ፒክአፕ ደግሞ ማግኔት ስለሆነ ነሐሱን አይሰማም፤ ከውስጥ ያለችውን ቀጭን ብረት ብቻ ነው የሚሰማው። ወፍራሞቹ ክሮች ደክመው ቀጫጭኖቹ ከጮኹብህ ፒክአፑ ጤነኛ ነው፣ ክሩን ቀይር። (ናይለን የታሰረበት ክራርና በፈረስ ጭራ የሚሠራው ማሲንቆ በጊታር ፒክአፕ የማይሰሙትም በዚሁ ምክንያት ነው።) የኒኬል ወይም የብረት ክር ግጠምና ደግመህ ስማ። ጥምጥሙ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነውን ካገኘህማ፣ ብዙ ሰው ከአዲስ ፒክአፕ የሚጠብቀው ጨለም ያለ የጃዝ ድምፅ ከእሱ ይመጣልሃል።

«እምምም» የሚለው የመብራት ድምፅ ካስቸገረህ ደግሞ ጥፋተኛው ፒክአፑ ላይሆን ይችላል። ሀምባከር የሚባለው ፒክአፕ የተሠራው ይህንኑ ለማጥፋት ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. የጊታር አምራቹ የጊብሰን መሐንዲስ ሴዝ ላቨር ሁለት የሽቦ ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንዱን አጠማዘዝና ማግኔት ከሌላው ገለበጠው፤ ከመብራት የሚመጣው ድምፅ ሲጠፋፋ የክሩ ድምፅ ይደመራል። በእኛ 50 ኸርዝ መብራትም እንደዚያው ይሠራል። እንግዲህ ሀምባከር ያለው ጊታር እየጮኸ ከሆነ የገመዱን መሰኪያ በጣትህ ንካ። ያኔ ጩኸቱ ቀንሶ፣ ክሩን ስትነካ ግን ምንም ካልተለወጠ፣ ክሮቹን ከግራውንድ የሚያገናኘው ሽቦ ተበጥሷል። እሱን መበየድ ከፒክአፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ክሩን ስትነካ ከነዘረህ ግን ጊታሩን አስቀምጥና የመብራቱን መስመር አስመርምር፤ ይህ የሙዚቃ ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ድምፁ ካላማረህ ግዛ፤ ግን አንድ ብቻ፣ የአንገቱን። ጃዝ በአብዛኛው የሚጫወተው በእሱ ነው። ጊብሰን በጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ ስም የሠራው ኤል-5 ጊታር እንኳ ያለው አንድ ፒክአፕ ነው፣ እሱም አንገቱ ጋ።

አሁን ልኬት። ሙሉ መጠን ያለው ሀምባከር ወደ 70 በ38 ሚሊሜትር ነው፤ ሚኒ የሚባለው እዚያ ክፍት ላይ አይቀመጥም። ከመጀመሪያው ክር መሃል እስከ ስድስተኛው ክር መሃል አንገቱ ጋ ለካ፤ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ለብሪጅ የሚሠሩት እስከ 53 ይሰፋሉ፣ ሻጭ ደግሞ ሁለቱን አይለይልህም። የጉድጓዱን ጥልቀት አትርሳ።

ሰው ሁሉ የሚወድቀው የሚቀጥለው ላይ ነው። የዕቃው ወረቀት ላይ «14 ኪሎ ኦም» ይልና አጠገቡ «ኃይለኛ» ይላል። ብር ቆጥበህ ስለምትገዛ ትልቁ ቁጥር ትርፍ ይመስልሃል። አይደለም። ኪሎ ኦም የሚነግርህ ሽቦው ምን ያህል እንደረዘመና እንደቀጠነ ነው። ዙሩን ሳይጨምሩ ሽቦውን ብቻ ቢያቀጥኑትም ቁጥሩ ይወጣል፤ ድምፁ ግን አይጨምርም። ዙሩ በእውነት በዝቶ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል፤ አንገቱ ጋ ሲሆንማ ወፍራሞቹ ክሮች ጭቃ ይሆናሉ። ለጃዝ ከ7 እስከ 8.5 ኪሎ ኦም ያለውን ፈልግ፤ ከ10 በላይ ያለውን ለሮክ ተጫዋች ተውለት።

ይህን ከጆሮህ ጋር የምታገናኝበት አቋራጭ አለ። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ድምፁን የወደድክለት ጊታር ስታገኝ ባለቤቱን አስፈቅድና ገመድ ሰካበት። የአንገቱን ፒክአፕ ብቻ መርጠህ ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻ ክፈት፣ ከዚያ የገመዱን ሌላ ጫፍ በመልቲሜትር ለካ፤ አንዱን ዘንግ መሰኪያው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ግንዱ ላይ። የምታነበው ቁጥር ከፒክአፑ በጥቂቱ ብቻ ያንሳል። ጊታሩ ሳይፈታ የምትፈልገውን አወቅህ ማለት ነው። ያገለገለ ፒክአፕ ስትገዛም ለካው፤ መለኪያው ምንም ካላነበበ ሽቦው ውስጥ ተበጥሷል።

የድምፅ ፈተናዬ አንቺሆዬ ነው። በዚህ ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ጎረቤታሞች አሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሃል ክሮች ላይ ምታቸው፤ ተለያይተው ከተሰሙህ ፒክአፑ ጥሩ ነው፣ ከተዋጡ ተወው።

ስለ ማግኔቱ ብዙ አልከራከርም። አልኒኮ 2 ለስለስ ይላል፣ አልኒኮ 5 ጠንከርና ጠራ ይላል፤ እኔ 2ን እመርጣለሁ። አርቴክና ዊልኪንሰን የሚባሉት ብራንዶች በዋጋቸው አያሳፍሩም። በሰም የተነከረ መሆኑን ግን ጠይቅ። ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታር ራሱ ሳጥን ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የሠርግ ዳስ ውስጥ ስፒከር አጠገብ ስትቆም ሰም ያልገባው ፒክአፕ ያፏጭብሃል። ሽቦውም ባለ አራት ይሁን። ከቀድሞው የብሪጅ ፒክአፕ ጋር አብሮ ሲከፈት ድምፁ ከሳሳ፣ አቅጣጫቸው ተቃርኗልና የአዲሱን ሁለት ጫፎች ለዋውጠህ ታስተካክለዋለህ። የሽቦ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የሻጩን ሥዕል ሳትቀበል ገንዘብ አትስጥ።

መግጠሙ ላይ የቮሊዩም ማዞሪያዎቹን በኤፍ ቅርጹ ቀዳዳ ጎትተህ ለማውጣት አትነሣ፤ መልሶ ማስገባቱ ቀን ይበላል። የድሮውን ፒክአፕ ከፍ አድርግና ሽቦውን ረዘም አድርገህ ቁረጠው፤ አዲሱን እዚያው ክፍቱ አፍ ላይ በይደህ በደንብ ሸፍነው። ባለሙያ አይቶ ሊቆጣ ይችላል፣ ድምፁ ግን አይለይም። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነህ ወፍራሙ ክር ከፒክአፑ 3 ሚሊሜትር ያህል፣ ቀጭኑ 2 ያህል ይራቅ።

የድሮውን ፒክአፕ አትጣለው። ጊታሩን የምትሸጥ ቀን ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።