ለታዘዘ ምርመራ ከሥራ የሚቀር የመንግሥት ሠራተኛ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ብዙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ። ሠራተኛው ወደ ቢሮው ሲመለስ ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ፦ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ለምርመራ የሄደ ሠራተኛ ያልተገኘበት ቀን በምን ይመዘገባል?

ጥያቄው የወረቀት ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ በቀን ብዙ ባለጉዳይ የምታስተናግድ አንዲት ሠራተኛ እንበል። አብራት የምትኖር እኅቷ በበሽታው መያዟ ተረጋግጦ እርሷም እንድትመረመር ታዝዛለች። ቀኑ ከዓመት ፈቃዷ የሚቀነስ ወይም ከደመወዟ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ጠዋት 2፡30 ፈርማ ወደ መስኮቷ መግባትን ትመርጥ ይሆናል። በበሽታው የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ገደማ አስቀድሞ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ተሰልፎ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ነው። ቅጣት የሚፈራ ሠራተኛ ንክኪውን ይደብቃል፤ አንድ የሥራ ቀን ለማትረፍ የሞከረ መሥሪያ ቤትም ክፍሉን በሙሉ ሊዘጋ ይገደዳል።

ቀደም ሲል ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለታመመ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ለምርመራ የተጠራ ጤነኛ ሠራተኛ ግን አልታመመም። የእርሱ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ሠራተኛው በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው ሌላ አካል ሲጠራ፣ ጉዳዩ ለሚወስደው ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ልዩ ፈቃድ ያገኝበት ወደነበረው የዚያ አዋጅ ድንጋጌ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛም ሐኪም ላዘዘላት ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኝ ነበር፤ ምርመራን ከሕመም ለይቶ ማየት ለአዋጁ እንግዳ አልነበረም። ስለዚህ የሰው ሀብት ክፍል የታዘዘ ምርመራን ያለ ፈቃድ እንደ መቅረት ሊቆጥር አይገባም። የምርመራው ውጤት ሠራተኛው መያዙን ካሳየ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ በሕመም ፈቃድ ሥርዓት ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው ናሙና የሚሰጥበት ሰዓት ሳይሆን ውጤት የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ናሙናው ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይወሰዳል፤ የላቦራቶሪው ሥራ ግን ሊዘገይ ይችላል። ውጤት የሚጠብቅ ሰው ቢሮ ገብቶ እንዲቆይ ማድረግ ምርመራውን ትርጉም ያሳጣዋል። ምልክቱ ከተጋለጡ በኋላ ከ2 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ሊታይ ስለሚችል፣ በንክኪው ማግስት የተገኘ ነጻ ውጤትም ብቻውን አያስተማምንም። «ነጻ ነህ ተብለሃል፣ ለምን አልገባህም?» ከማለት በፊት ኃላፊው የጤና ባለሙያው የወሰነውን የመለያ ጊዜ መጠየቅ አለበት። ሥራው የሚፈቅድ ከሆነም ሠራተኛው በቤቱ ሆኖ ሊያከናውነው ይችላል።

ሠራተኛው በበኩሉ ትእዛዙ እንደደረሰው ለቅርብ ኃላፊው በስልክ ማሳወቅ፣ ሲመለስም ከጤና ተቋሙ የተሰጠውን ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ማስረጃው የተመረመረበትን ቀንና ከሥራ የሚርቅበትን ጊዜ ከገለጸ ለፈቃድ አሰጣጥ በቂ ነው። ሌላው የጤና ታሪኩ የሕክምና ምስጢር ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተመርማሪዎችን ስም መለጠፍ ለማንም የማይበጅ ድርጊት ነው።

በኤጀንሲ በኩል ተቀጥረው በመንግሥት ሕንፃ የሚሠሩ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ለመጀመሪያው አንድ ወር ሲሆን፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። አቅማቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ በየክፍሉም የሚዘዋወሩ እነዚህ ሠራተኞች ስለሆኑ፣ መሥሪያ ቤቱ ከኤጀንሲው ጋር ሲዋዋል የታዘዘ ምርመራ ደመወዝ እንዳያስቆርጥ በውሉ ላይ ማስፈር ይኖርበታል።

ንክኪ ያለው ወይም ትኩሳት፣ ሳልና የመተንፈስ ችግር የሚሰማው ሠራተኛ ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት በነጻ የስልክ መስመር 8335 ደውሎ መመሪያ ይጠይቃል፤ የደወለበትን ቀንና የተነገረውንም መዝግቦ ይይዛል።