ትምህርት ዘጠኝ፦ ቅርስን እያዩ መጠበቅ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ልጆች ቅርስ አደራ መሆኑን ዐውቀው፥ ሲጎበኙ ሳይጎዱ እንዲመለሱ ማስተማር።

 

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ልጆች፥ ቅርስ ሲባል አክሱምንና ላሊበላን ታስቡ ይሆናል። መልካም ነው። ነገር ግን ለእናንተም ቅርብ የሆነ ታላቅ ቅርስ አለ። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፥ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ የሚባል ሥፍራ ይገኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

በዚያ ምን አለ? የጥንት ሰዎች የጠረቧቸው የድንጋይ መሣሪያዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል ባልጩት ከተባለው ጥቁርና አንጸባራቂ ድንጋይ የተሠሩ ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ከሁሉ የቆዩት ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው ይናገራሉ። ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ሥፍራ ደግሞ የእግር ዱካ ተገኝቷል። በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ዱካው 700 ሺህ ዓመት ያህል ሲሆነው፥ በውስጡ የትንንሽ ሕፃናት ዱካም አለበት። አስቡት ልጆች! ሕፃናት በጭቃ ላይ ሲሄዱ የተዉት ምልክት እስከ ዛሬ ቆየ። አንድ ግድ የለሽ ጫማ ግን በአንድ ቀን ሊያጠፋው ይችላል።

አንድ ጊዜ አርባ ተማሪዎችን ይዤ ወደዚያ ሄጄ ነበር። ስንመለስ አንድ ልጅ በአውቶቡስ ውስጥ ከኪሱ ጥቁር ድንጋይ አውጥቶ ለጓደኞቹ ሲያሳይ አየሁት።

«ከየት አመጣኸው?» አልሁት።

«መሬት ላይ አገኘሁት፤ መምህር፥ እዚያ እኮ ብዙ ነው» አለኝ።

«አርባችንም አንድ አንድ ብንወስድ፥ እንደ እኛ ያለ ጉዞም በየሳምንቱ ቢመጣ፥ በዓመት ስንት ይሆናል?»

ልጁ አሰበና «2080» አለ፤ አንገቱንም ደፋ። እኔም አፈርሁ፤ ከመሄዳችን በፊት አላስጠነቀቅኋቸውምና። ሾፌሩን ለምነን ተመለስን። ጠባቂው ድንጋዩን ተቀብሎ፥ «በትክክል ከየት አነሣኸው?» ሲለው፥ ልጁ ማስታወስ አልቻለም። ድንጋዩ ተመለሰ፤ ታሪኩ ግን አልተመለሰም።

ይህ ለምን ሆነ? ተመራማሪዎች አንድ ድንጋይ ከማንሣታቸው በፊት የተገኘበትን ቦታና ጥልቀት፥ አጠገቡም ያለውን ሁሉ ይመዘግባሉ። ዕድሜውንና ሥራውን የሚያውቁት በዚህ ነው። ከሥፍራው ያለ መዝገብ የተነሣ ድንጋይ ግን ዲዳ ይሆናል።

ከመልካ ቁንጡሬ ብዙ ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። አባቶች በቅዱስ ላሊበላ ዘመን እንደታነጸች ይናገራሉ። ዛሬም ይቀደስባታል። እንግዲህ እርሷን የሚጎበኝ ሁሉ የጸሎት ቤት መግባቱን አይርሳ፤ ጫማውን ያውልቅ፤ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ በግድግዳዋ ላይ ስሙን አይጫር።

ልጆች፥ ጎብኚ መምጣቱ መልካም ነው። የሚከፍለው ገንዘብ ለጠባቂ፣ ለአስጎብኚና ለጥገና ይረዳል፤ የአካባቢው ሰውም ምግብና የእጅ ሥራውን ይሸጥለታል። ቅርሱን የሸጠ አንድ ቀን ይበላል፤ ጠብቆ ያሳየ ግን ከነልጅ ልጁ ይበላል።

ስለዚህ፦
1. በተከለለው መንገድ ብቻ እንሂድ።
2. ምንም አናንሣ፤ ምንም አንጣል።
3. የጥንት ዕቃ አንግዛ፤ አንሽጥ።
4. ቤት ሲሠራ ወይም ሲታረስ የጥንት ነገር ቢገኝ ሳንነካ ለታላላቆቻችን እንንገር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ያዝዛልና።

መልመጃ
1. የተመለሰው ድንጋይ ምን ጎደለው?
2. በመልካ ቁንጡሬ የእነማን ዱካ ተገኘ?
3. ምሳሌ 22፥28ን ከወላጆቻችሁ ጋር አንብቡ። ከዛሬው ትምህርት ጋር በምን ይገናኛል?
4. በሠፈራችሁ ያለ አንድ የቆየ ነገር ከአረጋውያን ጠይቃችሁ ጻፉ።