በፍጹም ልብ ስለ መስጠት

አንባቢ ሆይ፥ ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት ሲነገር ብዙ ሰው አስቀድሞ «ስንት ልስጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ወደ ቆሮንቶስ በላከው በሁለተኛው መልእክት፥ በምዕራፍ 8ና 9፥ ልኩን አልወሰነም፤ የሚመረምረው የሰጪውን ልብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ41 እስከ 54 ዓመት በነገሠው በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ራብ ሆኖ ነበር፤ በኢየሩሳሌምም ድሆች የሆኑ ምእመናን ነበሩ። ጳውሎስም ከአሕዛብ ወገን ባመኑት ማኅበሮች ዘንድ ለእነርሱ መዋጮ ይሰበስብ ጀመር። ቆሮንቶስ በሁለት ወደቦች የምትነግድ፥ ገንዘብም የሚመላለስባት ከተማ ነበረች። በእርስዋ ያሉት ክርስቲያኖች ነገሩን በሰሙ ጊዜ ፈጥነው ፈቀዱ፤ ነገር ግን ዓመቱ ተለወጠ፥ መዋጮውም ሳይፈጸም ቀረ።

በመቄዶንያ ያሉት ማኅበሮች ግን፥ ይኸውም እንደ ፊልጵስዩስና እንደ ተሰሎንቄ ያሉት፥ በመከራና በጽኑ ድህነት ሳሉ ከአቅማቸው በላይ ሰጡ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ እንዲያውም ከዚህ አገልግሎት እንዳይቀሩ እነርሱ ራሳቸው ለመኑ። ድሀ «ተቀበሉኝ» ብሎ የሚለምንበት መዋጮ እንዴት ያለ ነው! ጳውሎስ ምሥጢሩን ሲገልጥ፥ እነዚህ ሰዎች አስቀድመው ራሳቸውን ለጌታ እንደ ሰጡ ይናገራል። ራሱን ያልሰጠ ሰው ገንዘቡን በሰጠ ቍጥር እንደ ተቀማ ይቈጥረዋል።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ የአንተስ የአንቺስ መስጠት ከማን ወገን ነው? በጸሎትና በመዝሙር ጊዜ ልባችን ይሞቅና «እሰጣለሁ» እንላለን። ደመወዝ በተቀበልን ቀን ግን የቤት ኪራዩ ይቀድማል፤ በዚህ ነቀፋ የለም፥ ዕዳ ነውና። ቀጥሎ አዲሱ ጫማ፥ ቀጥሎም ከባልንጀራ ጋር የሚበላውና የሚጠጣው ይመጣል፤ ለጌታ በኪስ ጥግ የተገኘው ሽርፍራፊ ሳንቲም ይተርፍለታል። ተማሪውም «ሥራ ስይዝ እሰጣለሁ» ይላል። ከጥቂቱ መለየት ያልለመደ እጅ ግን ብዙ በያዘ ጊዜ ይበልጥ ይጨብጣል።

ጳውሎስ ለዚህ መድኃኒት አስቀድሞ በፊተኛው መልእክት ሰጥቶ ነበር፤ እያንዳንዱ እንደ ገቢው፥ ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን፥ በቤቱ ለይቶ ያስቀምጥ ዘንድ አዘዘ። ሐዋርያው መጥቶ በፊታቸው ሲቆም በሰው አፍረው እንዲያዋጡ አልወደደም። ደግሞም የሌለህን ማንም አይጠይቅህም፤ ስጦታህ ባለህ መጠን ይመዘናል።

ሒሳብ መጠየቅ እምነት ማጣት ነው የሚሉ አሉ። ጳውሎስ ግን እንደዚህ አላሰበም፤ ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፥ ማንም እንዳይነቅፈው ቲቶንና ሌሎች ሁለት ወንድሞችን ላከ እንጂ። የታመነ ሰብሳቢ መዝገቡን ለማሳየት አይቈጣም።

ቆሮንቶሳውያንስ ምን አደረጉ? ጳውሎስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሮሜ ሲጽፍ ከመቄዶንያ ሰዎች ጋር የአካይያ ሰዎችም በፈቃዳቸው እንዳዋጡ ይመሰክራል። የአካይያ ዋና ከተማ ቆሮንቶስ ነበረች።